ሠላሳ አምስት ሚሊ ሜትር እንጨት

ለልጄ እናት፣

ጠመንጃ ጠጋኙ በዚህ ወር መጨረሻ ሱቁን ይዘጋል።

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ያደርግሻል? ደረጃ ስትወጪ እንደሚያምሽ ልጃችን በስልክ ነግራኛለች። «አባዬ፣ የነገርኩህን እንዳትነግራት፣ ወሬኛ ትለኛለች» ስላለችኝ እንዳልነገርኩሽ ቁጠሪው። እኔ ደህና ነኝ፤ ጤናዬ እንደ ዕድሜዬ ነው። ጡረታ ለመውጣት ሁለት ዓመት ይቀረኛል። አሁንም ገበያ ለገበያ እየዞርኩ የነጋዴ ሚዛን እፈትሻለሁ፤ አሁንም ከሩቅ ሲያዩኝ ሚዛናቸው ላይ የጣሉትን ጨርቅ ቶሎ ያነሳሉ። ቤቱ እንዳለ ነው። የመስኮቱን መጋረጃ ብቻ ቀይሬያለሁ። የቀየርኩት ስላረጀ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለውም።

ከሄድሽ ዘጠኝ ዓመት ሆነ፤ ደብዳቤ ስጽፍልሽ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው። አጭር ላደርገው አስቤ ነበር፤ አልሆነልኝም።

ጠጋኙ ባለፈው ሐሙስ መሥሪያ ቤት ድረስ ደወለልኝ። እጁ መንቀጥቀጥ ጀምሯል፤ የወንድሙ ልጅ ዘንድ ሄዶ ሊቀመጥ ነው። ከመሄዱ በፊት በመሳቢያው ውስጥ ያለውን የሰው ዕቃ ለየባለቤቱ እየመለሰ ነው። «ያንተም አለ፣ ናና ውሰድ። ጠመንጃውንም ይዘህ ና» አለኝ። እሱ ዘንድ የቀረ ዕቃ ያለኝ ስላልመሰለኝ «ሽማግሌ፣ ተሳስተሃል» አልኩት። «ሽማግሌስ አንተ፤ እኔ ገና ጡረታ መውጣቴ ነው» ብሎ ስልኩን ዘጋው።

ትናንት ቅዳሜ ከሥራ እንደወጣሁ ሄድኩ። ሱቁን ብታዪው አታውቂውም። የግድግዳው መደርደሪያ ሁሉ ወልቋል፤ የቀረው መሥሪያ ጠረጴዛውና ሞርሳው ብቻ ነው። የዘይቱና የሙጫው ሽታ ግን ያው ነው። ከመሳቢያው ውስጥ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አውጥቶ ፊቴ አስቀመጠ። ፈታሁት። ከጠመንጃችን ሰደፍ ያስቆረጥነው እንጨት ነው። ለካሁት፤ ሠላሳ አምስት ሚሊ ሜትር። በተቆረጠው ፊት ላይ የሁለታችን የሰደፍ ልክ በሳንቲ ሜትር በእርሳስ ተጽፏል፦ «የሱ 38፣ የኔ 34.5። እንዳይጣል።» ጽሑፍሽን ለማወቅ መነጽሬን ማውጣት አላስፈለገኝም።

ያስቆረጥንበት ቀን ትዝ አለኝ። እሱ መጋዙን ሲያነሳ አንቺ እጁን ያዝሽውና «ቁራጩን እንዳትጥለው። ልብስ ስቀድ እኔ ቁርጥራጭ አልጥልም፤ ነገ ማስፋት ሊያስፈልግ ይችላል» አልሽው። እሱም «እመቤቴ፣ ይሄ እንጨት ነው እንጂ ቀሚስ አይደለም» አለሽ። ሳቅን። ለካ አልጣለውም።

ጠመንጃውን ከኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። ስለሱ የማወራው ሰው ካጣሁ ግን ቆይቷልና ታገሺኝ። ስንገዛው አርባ ዓመት አልፎት ነበር። ባለቤቱ መሐንዲስ ነበሩ፤ ሲሞቱ ሚስታቸው «ሜዳ የሚያወጣው ሰው ካገኘሁ እሰጣለሁ፣ ግድግዳ ላይ ለሚሰቅለው ግን አልሰጥም» ብለው ለኛ ሰጡን። ሁለቱ አፈሙዞች እንደ ተራው ጥንድ ጠመንጃ ጎን ለጎን አይደሉም፤ አንዱ ባንዱ ላይ ተነባብሯል። ስለዚህ ዓይን የሚከተለው አንድ ቀጭን መንገድ ብቻ ነው። የታችኛው ይቀድማል። ርግጫው ቀጥ ብሎ ወደ ትከሻ ስለሚመጣ አፉ ወደ ላይ አይዘልም፤ ዓይን ከዒላማው ሳይነሳ የላይኛው ይከተላል። የታችኛው የእርሳስ ፍሬዎቹን ለቅርብ በተን አድርጎ ይረጫል፤ የላይኛው ሰብሰብ አድርጎ ሩቅ ይልካል። ከጎኑ ሁለት ወፎች ተቀርጸውበታል፤ አንዷን የመሐንዲሱ አውራ ጣት አርባ ዓመት አሽቶ ክንፏን አጥፍቶታል። ሲዘጋ አይጮህም፤ እንደ ጥሩ ቁም ሣጥን በር ይገጥማል። አንቺ «ሠሪው ይሄን ለሰው ብሎ አይደለም የሠራው፣ ለራሱ ነው፤ ኋላ ቸግሮት ነው የሸጠው» ትዪ ነበር።

መጀመሪያ የኔ ነበር። እሁድ እሁድ ተኩስ ሜዳው ስንሄድ አንቺ ልጅቷን ይዘሽ ከዛፉ ሥር ተቀምጠሽ ታነቢ ነበር። አንድ ቀን መጽሐፉን አጥፈሽ «እስቲ ልሞክር» አልሽ። ማሽኑ ወደ ሰማይ ከወረወራቸው የሸክላ ሳህኖች ሰባተኛውን መታሽው፤ እንደ ዱቄት ተበተነ። ፊትሽን ያኔ ባየሽው። ከዚያ ወዲያ ሰደፉ እየረዘመብሽ፣ ክንድሽ እየበለዘ ተኮስሽ። ማኅበሩ ውስጥ አብሮን ይተኩስ የነበረው የጥርስ ሐኪም «ለሴትዮዋ አጭር ጠመንጃ ግዛላት እንጂ፤ ክንዷን እያየሁ ሰው የደበደባት መስሎኝ ደነገጥኩ» ሲለኝ አንቺ «ሌላ አልፈልግም፣ የምወደው ይሄን ነው» አልሽ። ጠጋኙ «ለሷ ልክ ከቆረጥኩት ላንተ አይሆንም» ሲለኝ «ለሷ ከሆነ ይበቃል» አልኩ። ይሄን የደግነት ሥራዬ ብዬ ይዤው ኖሬያለሁ። ሰው ስለ ራሱ ሲያስብ አንድ ጥሩ ነገር መያዝ ይፈልጋል።

ከሄድሽ በኋላ በዚያ አጭር ሰደፍ ዘጠኝ ዓመት ተኮስኩ። ቁመቴን ታውቂዋለሽ። ትከሻዬን ሰብሬ፣ አንገቴን ቀብሬ ነው የምይዘው፤ በተኮስኩ ቁጥር የገዛ አውራ ጣቴ አፍንጫዬን ይመታኛል። የጥርስ ሐኪሙ «ሚዛኑ፣ አፍንጫ የኔ ክፍል አይደለም። እባክህ ትንሽ ዝቅ አድርገህ ጥርስህን ምታልኝ፣ ልብላብህ» ይለኝ ነበር። እሱም አሁን ልጆቹ ዘንድ ሄዷል። የድሮዎቹ ተኳሾች አንድ በአንድ ከሜዳው ቀርተዋል።

ለብቻ መተኮስ እንደማይቻል ታውቂያለሽ፤ ተኳሹ ሲጣራ ማሽኑን የሚለቅ ሰው ያስፈልጋል። አሁን ቁልፉን የሚጫንልኝ የሜዳው ዘበኛ ነው። ጆሮው ከብዷል። «ልቀቅ!» ብዬ ጮኼ ጮኼ ዞር ስል «እያሰብክ መስሎኝ እኮ ነው» ይለኛል። አንዳንዴ ደግሞ ሳልጠራው ይለቃል፤ ሳህኑ ብቻውን በርሮ ሄዶ ሳይሰበር ሣሩ ላይ ያርፋል። «ይሄኛው የኔ ነው፣ ባንተ አይቆጠርም» ይለኛል። ከሃያ አምስቱ አሥራ ሁለት፣ ሲቀናኝ አሥራ አራት እመታለሁ። ቀለሆቼን ለቅሜ ቤት እገባለሁ። አፈሙዞቹን ወልውዬ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳቸዋለሁ። ይሄ ያንቺ ሥራ ነበር፤ አንድ ዓይንሽን ጨፍነሽ ታዪና «ጉድፍ የለም» ትዪኝ ነበር። አሁን ራሴ አያለሁ፤ ራሴ «ጉድፍ የለም» እላለሁ። ጮክ ብዬ ነው የምለው።

ጠጋኙ ትናንት ጠመንጃውን ተቀብሎ ሰደፉን ሲዳብስ ቆየና «ክንድህ እንደ መቅዘፊያ የረዘመ ሰውዬ ነህ» አለኝ። «ይሄ ሰው መቼ መጥቶ መልሰህ ቀጥልልኝ ይለኝ ይሆን እያልኩ ዘጠኝ ዓመት ጠበቅሁህ። የአንድ ሰዓት ሥራ፣ አሥራ አንድ ቀን ማድረቅ፣ በቃ። ለምን አልመጣህም?»

ሥራ በዛብኝ አልኩት።

«ዘጠኝ ዓመት?» አለኝ።

እንጨቱን መልሼ በጋዜጣው ጠቀለልኩት።

«ሥራ የበዛበት ሰው እሁድ እሁድ አፍንጫውን አያስመታም» አለኝ። ከዚያ ወንበር ሳበልኝና እስከ ትናንት የማላውቀውን ነገር ነገረኝ።

ለካ ከመሄድሽ በፊት ሱቁ መጥተሽ ነበር። ከማጣሪያው ውድድር በኋላ በሁለተኛው ሳምንት ነው ይላል። «ይሄ ቁራጭ ተመልሶ ይያዛል?» ብለሽ ጠየቅሽው። «እንዳዲስ» አለሽ። «እንግዲያው ልቀጥለው?» ሲልሽ «አይ፣ ራሱ ይምጣና ይጠይቅህ። እስኪመጣ ድረስ እንዳትነግረው» አልሽው። ሽማግሌው ያንቺን ቃል ጠብቆ ሳወራው፣ ሳስቀው፣ አፈሙዝ ሳስወለውለው ዘጠኝ ዓመት አፉን ዘግቶ ኖረ። «ከሱቁ ጋር ቃሉም አብቅቷል፤ ይዤው አልሄድም» አለኝ። ለምን ራሴ እንድመጣ እንደፈለግሽ እሱ አያውቅም።

እኔ አውቃለሁ። ስለዚህ የዚያን የማጣሪያ እሁድ ነገር ልጻፈው።

ዳኛው እኔ ነበርኩ። የመረጡኝ ሚዛን ፈታሽ ስለሆንኩ ነው። የጥርስ ሐኪሙ «ሚዛኑ ለሚስቱም አያደላም፣ ብትፈልጉ ቤታቸው ሄዳችሁ ምሳውን እዩት» ሲል ሁሉም ሳቀ፤ አንቺም ሳቅሽ። የሚመረጠው ቡድን ውስጥ ለመግባት ከሃያ አምስቱ ሃያ ሦስት ያስፈልግሽ ነበር። ሃያ አራተኛውን ሳህን ስትጨርሺ ሃያ ሁለት መትተሻል። በሃያ አምስተኛው የታችኛው አፈሙዝ ሳተው። ሳህኑ ርቆ መውደቅ ሲጀምር የላይኛውን ተኮስሽ። አቧራ ተነሳ። ሕጉን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ አቧራ ብቻ ከሆነ አይቆጠርም፣ ስባሪ ከተለየ ግን የቱንም ያህል ቢያንስ ተመትቷል። ሄዶ ሳህኑን ማንሳት ክልክል ነው። የዳኛው ዓይን የመጨረሻ ነው።

«አመለጠ፤ አቧራ ነው» አልኩ።

ጠመንጃውን አጥፈሽ ከፈትሽው፤ ሁለቱ ቀለሆች ዘለው ወጡ። ጎንበስ ብለሽ ለቀምሻቸውና ቀና ብለሽ አየሽኝ። ማንም አልተከራከረም። ቤት ስንደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም ነበር። አፈሙዙን እየወለወልሽ፣ ሳታዪኝ፣ «ስባሪ አላየህም?» አልሽኝ። «አቧራ ነው ያየሁት» አልኩሽ። «እሺ» አልሽ። ከዚያ ወዲያ አንስተሽው አታውቂም፤ ጠመንጃውንም ነገሩንም።

አይቻለሁ። ስባሪው የአውራ ጣት ጥፍር ያህላል። ከሳህኑ ወደ ግራ ተለይቶ ሦስተኛው ምሰሶ አጠገብ ወደቀ። ፀሐይዋ ከኋላዬ ነበረች፤ ዓይኔም ያኔ ጤነኛ ነበር። በማግስቱ ሰኞ ጠዋት ሥራ ከመግባቴ በፊት ሜዳው ሄጄ ፈለግሁት። መሬቱ ከዳር እስከ ዳር ስባሪ ነው፤ የትኛው ያንቺ እንደሆነ በምን ይታወቃል? አንዱን አንስቼ ኪሴ ከተትኩት። በሩ ጋ ስደርስ አውጥቼ ጣልኩት።

ሳታዪው ቀርተሽ አይመስለኝም። ተኳሽ ያያል። የጠየቅሽኝ ለማወቅ አልነበረም።

ቀናሁብሽ ብል ይቀለኝ ነበር፤ ቅናትን ሰው ይረዳል። አልቀናሁም። የተመረጡት ለአምስት ወር ሥልጠና ወደ ሌላ ከተማ እንደሚሄዱ ጠዋት ተነግሮን ነበር። አንቺ ልጅቷን እኅትሽ ዘንድ ስለማቆየት ስታወሪ እኔ የማስበው አምስት ወሩን ነበር። ወንበሮቹን፣ ሳህኖቹን፣ ከሥራ ስመለስ ቁልፉን ራሴ ስከፍት አሰብኩ። ባዶ ቤት ፈራሁ። ያን ቃል ከአፌ ያወጣው ይሄ ፍርሃት ነው፤ ይበልጥ የሚያምር ምክንያት የለኝም።

ከዚያ እሁድ በኋላ በአራተኛው ወር የልብስ ፋብሪካው ሥራ መጣልሽና ልጅቷን ይዘሽ ሄድሽ። ሻንጣሽን አውቶቡስ ላይ የጫንኩት እኔ ነኝ። «ጠመንጃውስ?» ብልሽ «ሰደፉ በኔ ልክ ነው፣ የቀረው ያንተ ነው። ምን እንደሚደረግ አንተ ታውቃለህ» አልሽኝ። ያኔ ስለ ጠመንጃ የምታወሪ መስሎኝ ነበር።

ተፋትተናል ብሎ የነገረን የለም፤ ወረቀትም አልተፈራረምንም። መሥሪያ ቤት ቅጽ ስሞላ «ያገባ» በሚለው ላይ ምልክት አደርጋለሁ። ከሄድሽ ወዲህ ዳኛ ሁን ባሉኝ ቁጥር ዓይኔ ደክሟል እያልኩ እምቢ ብያለሁ። ለማኅበሩ ሰዎች እውነቱን ገና አልነገርኳቸውም። ካንቺ አስቀድሜ ለነሱ መንገር ነውር መሰለኝ። መዝገቡ ላይ ሃያ ሁለት የሚለው ሃያ ሦስት ተብሎ እንዲታረም እጽፍላቸዋለሁ፤ አትጻፍ ካላልሽኝ።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ አለ። ልጃችን ከፋብሪካው ወደ ቤት ስትወስድሽ እዚያ ከተማችሁ ባለው ተኩስ ሜዳ አጠገብ መኪናውን እንድታዘገይ እንደምትነግሪያት አውርታኛለች። «መስኮቱን ዝቅ ታደርግና ትሰማለች። ይሄ የታችኛው ነው፣ ይሄ የላይኛው ነው ትለኛለች። እኔ ለሁለቱም አንድ ዓይነት ጩኸት ነው የሚሰማኝ» አለችኝ። ቀጥላም «ናፍቃሃለች ማለቴ አይደለም፣ አባዬ። ዝም ብለህ እንዳትንጠራራ» አለችኝ። አልተንጠራራሁም። ግን አንድ ሳምንት ሙሉ ሳስበው ሰነበትኩ።

ዛሬ እሁድ ነው። ጠመንጃው ጠጋኙ ዘንድ ስለሆነ ሜዳ አልሄድኩም። ዘበኛው ግን ደውሎ «ታመሃል እንዴ?» አለኝ። አልታመምኩም አልኩት። «እና ምን ትሠራለህ?» አለኝ። ደብዳቤ እየጻፍኩ ነው ስለው አልሰማኝም መሰለኝ «አዎ፣ እረፍ፣ እረፍ» አለኝ።

ጠጋኙ ሙጫውን የሚቀባው የፊታችን ማክሰኞ ሳይሆን የሚቀጥለው ማክሰኞ ነው፤ ጠዋት በሦስት ሰዓት። ከዚያ አሥራ አንድ ቀን ሞርሳ ላይ ታስሮ ይቆያል፤ በማግስቱ ሱቁ ይዘጋል። ከዚያ ማክሰኞ ካለፈ አይደርስም፤ እንዲህ ያለ እንጨት የሚነካ ሌላ እጅም እዚህ ከተማ የለም። «እና ምን ልበል፣ ልቀጥለው ወይስ ይቅር?» አለኝ። የሚወስነው ሌላ ሰው ነው አልኩት። «ይሄንንማ ካወቅሁት ዘጠኝ ዓመቴ ነው» አለኝ።

ከደብዳቤው ጋር የተጠቀለለው እንጨት እሱ ነው። ጋዜጣውን አልቀየርኩትም። መልሰሽ ከላክሽው ይቀጠላል፤ ጠመንጃው በኔ ልክ ይሆናል፣ ጽሑፍሽም ከሙጫው በታች ሆኖ ከእንግዲህ አይታይም። መልእክቱን እረዳዋለሁ፤ ሌላ ነገር መጻፍ አይኖርብሽም። ካልላክሽው ሰደፉ እንዳለ ይቀመጣል፣ ባንቺ ልክ። የጠመንጃው ፈቃድ ላይ ስምሽ እስከ ዛሬ አለ። በየዓመቱ ሳሳድስ ሁለተኛ ተጠቃሚ በሚለው መስመር ላይ እጽፈዋለሁ። የፖሊስ ጣቢያው ጸሐፊ «ጌታዬ፣ እኚህ ሴትዮ መቼ ነው የሚመጡት?» ይለኛል። መንገድ ላይ ናት እለዋለሁ። ዘንድሮ «መንገዱ ረጅም ነው መሰለኝ» አለኝ። ጨዋ ልጅ ነው፣ አልሳቀም።

ጉልበትሽን ፈጣሪ ይማርልሽ፤ ደረጃውን ቀስ ብለሽ ውጪ። እጅሽ ከመቀስ ስለት፣ ልብሽ ከኀዘን ይጠበቅ። የምትገቢበት ቤት ሁሉ ሰላም ይሁን። ልጃችንን በሁለቱም ጉንጮቿ ሳሚልኝ፤ እንዳልተንጠራራሁም ንገሪልኝ።

ይሄን ነገ ሰኞ ጠዋት ፖስታ ቤት አስገባዋለሁ። በሦስት ቀን ይደርስሻል፤ ካንቺ ዘንድ ወደዚህም የሚፈጀው ሦስት ቀን ነው፣ ጠይቄያለሁ። በዚያኛው ማክሰኞ ከሦስት ሰዓት በፊት ጠጋኙ ሱቅ ውስጥ እገኛለሁ።

የልጅሽ አባት